በቀጭን ሽቦ የታሰረ ሚሳይል

በኦክቶበር 1973፣ እስራኤል ከግብፅና ከሶርያ ጋር በተዋጋችበት ጦርነት፣ ሲና በረሃ ውስጥ ከውጊያ የሚመለሱ አንዳንድ የእስራኤል ታንኮች አንድ እንግዳ ነገር ተጎናጽፈው ይመጡ ነበር። መድፋቸው፣ አንቴናቸውና የጎን ብረታቸው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተጠምጥሞባቸዋል። አንዱ ታንክ ላይ አንድ ሁለት ክር ብቻ፣ ሌላው ላይ ደግሞ የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የወጣ እስኪመስል ድረስ የተዝረከረከ ድር። እያንዳንዱ ክር የአንድ ሚሳይል የጉዞ መስመር ነው። ስለዚያ ጦርነት የሚያወሩ ሰዎች ይህን ምስል የሚያነሡት የሚሳይሉን አስፈሪነት ለማሳየት ነው። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ሌላ ነገር ይታየኛል። ታንኩ በገዛ ሰንሰለቱ እየተንከባለለ ተመልሷል፤ እንግዲያውስ እነዚያ ክሮች ሁሉ የሳቱ ሚሳይሎች ክሮች ናቸው።

ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ተንታኞች “የታንክ ዘመን አበቃ” ብለው ጽፈው ነበር። አንድ እግረኛ ወታደር በሻንጣ ተሸክሞት የሚሄደው መሣሪያ አርባና ሃምሳ ቶን የሚመዝን ብረት ለበስ ከሦስት ኪሎ ሜትር ርቀት ካቃጠለ፣ ያንን ሁሉ ብረት ማንቀሳቀስ ምን ይፈይዳል? ጥያቄው ተገቢ ነበር። መልሱ ግን ሚሳይሉ ከሚበርበት መንገድ፣ ከሚመራው ሰው እጅና ታንኩ ማንን አስከትሎ እንደመጣ ከማየት የሚገኝ ነው። እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር፤ ጦርነቱ የተጀመረበት ኦክቶበር 6 ቀን 1973 በእኛ መስከረም 26 ቀን 1966 ዓ.ም. ላይ ይውላል።

ለምን ሽቦ?

ነገሩ የተጀመረው ጀርመን ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ጀርመኖች ከአውሮፕላን ተጥሎ በሬዲዮ የሚመራ ቦምብ ሠርተው ነበር፤ “ፍሪትዝ ኤክስ” ይባላል፤ በሴፕቴምበር 1943 ሮማ የተባለችውን የጣልያን የጦር መርከብ ያሰጠመው እሱ ነው። ነገር ግን እንግሊዞችና አሜሪካኖች ብዙም ሳይቆዩ የሬዲዮ ትእዛዙን የሚያውክ መሣሪያ መርከቦቻቸው ላይ ተከሉ። አየር ላይ የሚሄድ ትእዛዝ ማንም ጆሮ ሊጥልበት፣ ማንም ሊጮህበት ይችላል። ስለዚህ የቦምቡ ነዳፊ ማክስ ክራመር ሌላ መንገድ ያዘ፦ ትእዛዙ በሽቦ ውስጥ ይሂድ። ሽቦ ውስጥ የሚሄድ ምልክት ከውጭ አይታወክም።

ክራመር በዚህ ሐሳብ ለታንክ የሚሆን ትንሽ ሚሳይል ነደፈ። “ኤክስ 7” ተባለ፤ የቅጽል ስሙ ግን “ሮትኬፕሸን” ነው፤ በጀርመን ተረት ውስጥ ተኩላ የሚያጋጥማት የቀይ ቆቧ ልጅ ማለት ነው። ክብደቱ አሥር ኪሎ ያህል፣ የሚደርሰውም ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። በብዛት ተመርቶ ጦር ሜዳ ሳይታይ ጀርመን ተሸነፈች። ሐሳቡን ያነሡት ፈረንሳዮች ናቸው። እነሱም አሻሽለው “ኤስ ኤስ 10” የተባለውን ሚሳይል በ1950ዎቹ አጋማሽ ለጦራቸው አስታጠቁ። አሥራ አምስት ኪሎ ይመዝናል፤ በሰከንድ 80 ሜትር ያህል ይበራል፤ እስከ 1,600 ሜትር ይደርሳል። ከአገልግሎት ወጥቶ ምርቱ በ1962 እስኪቆም ድረስ ሠላሳ ሺህ ገደማ ተመርቷል። እስራኤል በ1956ቱ የሲና ዘመቻ ይህንኑ ሚሳይል ታጥቃ ነበር፤ ነገሩን ወደ በኋላ ስንመለስበት ይህን ያስታውሱ።

ሽቦው ሲነሣ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ። የሽቦው ጥቅል ያለው ተኳሹ ዘንድ ሳይሆን ሚሳይሉ ውስጥ ነው። ጥቅሉ መሬት ላይ ቢሆን ኖሮ ሚሳይሉ የተፈታውን ሽቦ በሙሉ እየጎተተ መብረር ነበረበት፤ ገና መቶ ሜትር ሳይሄድ ይበጠሳል። ጥቅሉን ሚሳይሉ ራሱ ሲሸከመው ግን እንደ ልቃቂት ከኋላው እየተተረተረ ይወጣል፤ አየር ላይ የተዘረጋው ሽቦ ባለበት ቀስ ብሎ መሬት ላይ ያርፋል እንጂ አይጎተትም። ሸረሪት ከጣሪያ ስትወርድ ድሩን ከራሷ ሆድ እያወጣች እንደምትወርደው ማለት ነው። ቁም ነገሩ በጣም ቀላል ነው፤ ይህ ባይታሰብ ግን መሣሪያው አይኖርም ነበር።

ቀርፋፋው ሚሳይል ወፍራሙን ብረት እንዴት ይበሳል?

በሰከንድ 80 ወይም 120 ሜትር የሚሄድ ነገር ለሚሳይል በጣም ቀርፋፋ ነው። የዘመኑ የታንክ መድፍ ብረት በሺ ጥይት በሰከንድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይምዘገዘግ ነበር፤ የሚበሳውም በፍጥነቱና በክብደቱ ኃይል ነው። ሚሳይሉ በዚህ መንገድ ቢሞክር ብረቱን ቧጭሮ ይወድቅ ነበር።

ምስጢሩ አፍንጫው ውስጥ ያለው ፈንጂ ቅርጽ ነው። ፈንጂው ፊት ለፊት እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ተጎድጉዷል፤ ጉድጓዱም ብዙ ጊዜ ከመዳብ በተሠራ ስስ ሾጣጣ ተለብጧል። ፈንጂው ከኋላ ሲፈነዳ ሾጣጣውን ከዙሪያው ወደ መሃል ይጨፈልቀዋል፤ መዳቡም ተጨምቆ እንደ ቀጭን መርፌ ወደ ፊት ይተፋል። የዚህ መርፌ ጫፍ በሰከንድ ስምንት ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት ብረት እንደ ጭቃ ይሸሻል። መዳቡ ብረቱን “አቅልጦት” ይገባል የሚባለው ስሕተት ነው፤ የሚሠራው ግፊቱ ነው፤ ሙቀቱ አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ትልቅ ነው። የመብሳት ኃይሉ ከሚሳይሉ ፍጥነት ጋር ግንኙነት የለውም። ቢቀርፍም፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዶ ቢደክምም፣ ሲደርስ የሚበሳው ያው ነው። በ1960ዎቹ የነበሩት ሚሳይሎች በቀጥታ ከመቱ 400 ሚሊ ሜትር ያህል ብረት ይበሱ ነበር፤ አብዛኞቹ የዘመኑ ታንኮች ይህን የሚያቆም ግንባር አልነበራቸውም። ትልቅ መድፍ፣ ከባድ ሠረገላና ጎታች መኪና የሚጠይቀው ሥራ ትከሻ ላይ የሚያዝ ሸክም ሆነ። የፍጥነት ማነሱ ግን ዕዳ አለው፤ ዕዳውንም የሚከፍለው የሚመራው ሰው ነው።

የሽቦ መኪና

ልጅ ሆኖ የሽቦ መኪና የነዳ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሚሳይሎች አመራር በቀላሉ ይረዳል። መኪናዋ ፊት ፊት ትሮጣለች፤ ረጅሙ ሽቦ እጅህ ውስጥ ነው፤ መሪዋን ታዞራለህ፤ ዓይንህ መኪናዋንና ድንጋዩን በአንድ ጊዜ ያያል። አሁን መኪናዋን ሰማይ ላይ አውጣት፣ በሰከንድ 120 ሜትር እንድትሄድ አድርጋት፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ራቅ አድርጋት፤ ድንጋዩም እየሸሸ ይተኩስብህ።

የሶቪየት ኅብረቱ ማልዩትካ እንዲህ ነበር። ስሙ በሩሲያኛ “ሕፃን፣ ትንሽዬ” ማለት ነው፤ የምዕራቡ ዓለም “ሳገር” ይለዋል። በ1963 ለጦሩ ተሰጠ። 11 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ከ500 እስከ 3,000 ሜትር የሚመታ ሚሳይል ነው። በሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ የሻንጣው ክዳን መሬት ላይ ሲነጠፍ ራሱ ማስወንጨፊያ ይሆናል። ሦስት ሰዎች አንድ ቡድን ናቸው፤ ሁለቱ ሁለት ሁለት ሻንጣ በጀርባቸው ያዝላሉ፤ ሦስተኛው መቆጣጠሪያ ሣጥኑን፣ ስምንት ጊዜ አጉልቶ የሚያሳየውን መመልከቻና ትንሽዋን እጀታ ይይዛል። ተኳሹ ከሚሳይሎቹ ዘወር ብሎ እስከ 15 ሜትር ርቆ መተኛት ይችላል፤ ስለዚህ ጠላት ጭሱን አይቶ ቢተኩስ የሚመታው ባዶውን ሻንጣ ሊሆን ይችላል።

ሲተኮስ የሚሳይሉ ጅራት ላይ የሚነድ ደማቅ ብርሃን አለ። ተኳሹ ብርሃኑን ያያል፤ ታንኩን ያያል፤ ሁለቱን አንድ መስመር ላይ ለማምጣት እጀታውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ይነካል። ትእዛዙ በሽቦው ሄዶ ሚሳይሉን ያዞረዋል። እዚህ ላይ ማንም ጀማሪ የሚሠራው ስሕተት አለ፤ ሚሳይሉ ወደ ግራ ሲያመልጥ በድንጋጤ እጀታውን ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ያን ጊዜ ሚሳይሉ ከመስመሩ አልፎ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ደግሞ ይመልሰዋል፤ እንዲህ እየተወዛወዘ አንዱ ላይ መሬት ይወጋል። ጥሩ ተኳሽ እጀታውን የሚነካው እንደ ቡና ስኒ ነው። ይህ እጅ የሚገኘው በልምምድ ብቻ ነው፦ አንድ ሰው ብቁ ለመሆን በማስመሰያ መሣሪያ ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ መተኮስ፣ ከዚያም እጁ እንዳይረሳ በየሳምንቱ ሃምሳና ስድሳ ጊዜ መደጋገም ያስፈልገው እንደነበር ይገመታል።

ሁለት ቁጥሮች እዚህ ጋ ይቀመጡ። ሦስት ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ ማልዩትካ 25 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ታንክ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ200 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ አንድ ጉብታ ጀርባ ለመግባት ይበቃል። ከ500 ሜትር በታች ደግሞ ሚሳይሉ ተነሥቶ፣ ተረጋግቶ፣ ተኳሹ በመመልከቻው “እስኪይዘው” ድረስ ታንኩ አጠገቡ ደርሷል። ስለዚህ ማልዩትካ ብቻውን የሚዋጋ መሣሪያ አይደለም፤ ቅርቡን የሚሸፍንለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።

ሌሎች አገሮችም በእነዚያ ዓመታት ተመሳሳይ ሚሳይሎች ሠርተዋል፤ የእንግሊዝ ቪጂላንት፣ የፈረንሳይ ኤንታክ፣ የስዊዞችና የጀርመኖች ኮብራ። አውስትራሊያ የሠራችው ማልካራ ክብደቱ ከ90 ኪሎ በላይ ስለነበር ሰው ሊሸከመው ቀርቶ መኪናም ብዙ አይጭንም። ፈረንሳዮች ደግሞ የኤስ ኤስ 10 ታላቅ ወንድም የሆነውን ኤስ ኤስ 11 ከሄሊኮፕተር እየተኮሱ አልጄሪያ ውስጥ ዋሻ የመሸጉ ተዋጊዎችን ወጉበት፤ ታንክ ለሌለው ጠላት የተተኮሰ ፀረ ታንክ ሚሳይል መሆኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ኦክቶበር 6

ግብፅ ማልዩትካን እንደ አንድ ተአምረኛ መሣሪያ አላየችውም፤ ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። የግብፅ ጦር ኃይሎች ኢታማዦር ሹም ሰዓድ ኤል ሻዝሊ ችግሩን የሚያውቁት እንዲህ ነው፦ እግረኛ ጦር በጀልባ የስዊዝን ካናል ይሻገራል፤ ታንኮቻችን ግን ድልድይ እስኪዘረጋ ድረስ ብዙ ሰዓት ሊከተሉት አይችሉም፤ የእስራኤል ታንኮች ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳሉ። በመካከሉ ያለውን ጊዜ እግረኛው በምን ይቁም? መልሳቸው ከኋላ ካሉት ክፍሎች ሳይቀር ፀረ ታንክ መሣሪያ ሰብስቦ የመጀመሪያዎቹን ተሻጋሪዎች ማስታጠቅ ነበር። ከ500 ሜትር በታች ያለውን ከትከሻ የሚተኮሰው አር ፒ ጂ 7 ይጠብቃል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ማልዩትካ። ከካናሉ ምዕራብ ዳርቻ በተከመረው ከፍ ያለ የአፈር ግድግዳ ላይ ታንኮችና ሚሳይሎች ሆነው ከተሻጋሪዎቹ ራስ በላይ ይተኩሳሉ። ከላይ ደግሞ ፀረ አውሮፕላን ሚሳይሎች የእስራኤልን አየር ኃይል ያርቃሉ። ሻንጣዎቹንና ጥይቱን በአሸዋው ክምር ላይ የሚጎትቱባቸው ትንንሽ ጋሪዎች ሳይቀሩ ታስበው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሁለት ሺህ ያህል መድፎች ተኩስ ከፈቱ፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ሺህ ወታደሮች በላስቲክ ጀልባ ተሻገሩ። የእስራኤል ዕቅድ የታወቀ ነበር፤ ታንኮች ከኋላ እየበረሩ መጥተው ካናሉን ቁልቁል በሚያዩ በተዘጋጁ መደቦች ላይ ይወጣሉ። ታንኮቹ ሲደርሱ ግን ብዙዎቹ መደቦች ላይ ግብፃውያን ሻንጣቸውን ዘርግተው ተኝተዋል። በሲና የነበረው የአልበርት ማንድለር ክፍለ ጦር ከ280 በላይ ታንኮች ይዞ ነበር ውጊያ የገባው፤ በማግስቱ ጠዋት ለውጊያ የቀሩት 110 ገደማ ናቸው።

ኦክቶበር 8 የባሰው መጣ። የአቭራሃም አዳን ክፍለ ጦር መልሶ ማጥቃት ሲጀምር አንድ የታንክ ሻለቃ ኤል ፊርዳን አጠገብ ወደ ካናሉ ገሠገሠ። ከጎኑ እግረኛ የለም፤ መድፍ የለም ማለት ይቻላል፤ አውሮፕላን አልመጣም። ከፊቱ ያለው በረሃ ባዶ ይመስል ነበር። ግብፃውያኑ እስኪቀርብ ጠበቁና ከሦስት አቅጣጫ በታንክ፣ በአር ፒ ጂና በሚሳይል ባንድ ጊዜ ለቀቁበት። ሻለቃው በደቂቃዎች ውስጥ ፈረሰ፤ አዛዡ አሳፍ ያጉሪ ተማረከ። ያ ቀን ለማልዩትካ ዝና ትልቁ ቀን ነው፤ ሆኖም ሻለቃውን የበላው ሚሳይሉ ብቻ እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

መሣሪያው ለእስራኤል እንግዳ አልነበረም። ራሷ ከ1956 ጀምሮ የፈረንሳይ ሚሳይሎችን ታውቃለች፤ የማልዩትካ ታላቅ ወንድም የሆነውን ሽሜልን ከግብፅ ጦር ጋር በ1967 አይታዋለች፤ ያን ጊዜ ሚሳይሉ ምንም አልፈየደም። ምናልባትም ችግሩ ይኸው ነው። በ1967 ታንክና አውሮፕላን ብቻቸውን በስድስት ቀን ድል ስላመጡ፣ ከዚያ በኋላ ገንዘቡም ክብሩም ወደ ታንክ ሄደ። ብረት ለበስ እግረኛው አሮጌ ግማሽ ሰንሰለት መኪና ይዞ ወደ ኋላ ቀረ፤ ሞርታርና መድፍ አነሰ። ያሸነፈ ጦር ከድሉ የሚማረው ብዙ ጊዜ የተሳሳተውን ነገር ነው። በ1973 የመጣው ሚሳይል የተሻለ መሆኑ እውነት ነው፤ ይበልጥ የተለወጠው ግን ሚሳይሉን የያዘው እግረኛ ነው። በየቀኑ በማስመሰያ መሣሪያ የሠለጠነ፣ አንድ ሥራ ብቻ እንዲሠራ የተመደበ፣ ሲተኮስበት ተነሥቶ የማይሸሽ ሰው።

በነገራችን ላይ፣ ያ ጦርነት ከእኛም ሩቅ አልነበረም። ኢትዮጵያ በዚያው ወር ከእስራኤል ጋር የነበራትን የዲፕሎማሲ ግንኙነት አቋረጠች፤ ጦርነቱ ያስከተለው የነዳጅ ዋጋ ንረት ደግሞ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ታክሲ ነጂዎች አድማ ከቀሰቀሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ታንኮቹ የተቃጠሉት ሲና ላይ ነው፤ ጭሱ ግን ፒያሳ ደርሷል።

25 ሰከንድ

ታንከኞቹ መድኃኒቱን ለማግኘት ቀናት እንጂ ዓመታት አልፈጀባቸውም። መድኃኒቱም እዚያው ሚሳይሉ ቀርፋፋነት ውስጥ ነበር። ጭስና አቧራ ቦግ ሲል ያየ ሰው በሬዲዮ “ሚሳይል!” ብሎ ይጮሃል። ያን ጊዜ የታለመበት ታንክ ባልታሰበ አቅጣጫ መዞር፣ ፍጥነት መቀያየር፣ አቧራ ማስነሣት፣ ከጉብታ ጀርባ መግባት ይጀምራል። የቀሩት ደግሞ ጭሱ የታየበት አካባቢ ላይ ያላቸውን ሁሉ ይተኩሳሉ። ሚሳይሉን መምታት አይጠበቅባቸውም፤ ተኳሹንም በትክክል መምታት የለባቸውም። ዓይኑን ከመመልከቻው ለሁለት ሰከንድ ካነሣ፣ እጁ ከደነገጠ፣ አንገቱን ከቀበረ ሚሳይሉ ባለቤት አልባ ሆኖ አሸዋ ውስጥ ይተከላል። አሜሪካኖች ይህን ልምድ ከጦርነቱ በኋላ በመመሪያ ጽፈው ለራሳቸው ታንከኞች አስተማሩት።

ሽቦው ሚሳይሉን ከሬዲዮ አዋኪዎች ነፃ አወጣው፤ በምትኩ ከአንድ ሰው ነርቭ ጋር አሰረው። ይህን ሰው ሥራውን እንዳይሠራ የሚያደርገው ደግሞ በጣም ያረጀ መሣሪያ ነው፦ ሞርታር፣ መትረየስ፣ መድፍ። በኦክቶበር 8 የእስራኤል ታንኮች ያጡት ይህንን ነበር። ተጠባባቂው መድፍ ሲደርስ፣ እግረኛው ከታንኩ ጋር ሲንቀሳቀስ፣ ማልዩትካ በአንድ ሌሊት እንደ ዱልዱም ቢላ ሆነ።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። በሰላማዊ ጊዜ ይነገር የነበረው ከመቶው ተኩስ ስድሳውና ዘጠናው ይመታል የሚል ነበር። በጦር ሜዳ የታየው ግን እንደ ተኳሹ ችሎታና እንደ ሁኔታው ከመቶ ሁለት እስከ ሃያ አምስት ብቻ እንደሆነ ይገመታል። የተመቱትን የእስራኤል ታንኮች በተመለከተም፣ በሶርያ ግንባር ጎላን ላይም፣ በግብፅ ግንባር ሲና ላይም ከፍተኛውን ጉዳት ያደረሰው የታንክ መድፍ ነው፤ ለሚሳይሎች የሚሰጠውን ድርሻ በርካታ ግምቶች ከሩብ አያሳልፉትም። ሚሳይሉ በስምንት መቶ ታንኮች ላይ ድል ተቀዳጀ የሚለው ወሬ ዛሬም በየቦታው ይደገማል፤ እኔ አላምነውም። በጠቅላላው ጦርነት እስራኤል ሙሉ በሙሉ ያጣቻቸው ታንኮች አራት መቶ ገደማ ናቸው፤ ሌሎች ብዙ መቶዎች ተመትተው ተጠግነው ተመልሰዋል።

ታዲያ ማልዩትካ አልሠራም ማለት ነው? በፍጹም። ኦክቶበር 14 ላይ የሆነውን ማየት ይበቃል። ግብፃውያን ከካናሉ አጠገብ ያለውን መከላከያቸውን ትተው፣ ከፀረ አውሮፕላን ሚሳይሎቻቸው ጥላ ወጥተው በታንክ ወደ ምሥራቅ ሲያጠቁ፣ በአንድ ቀን ከ200 በላይ ታንክ አጡ። በዚያ ቀን ተጋልጦ የሮጠው ግብፃዊው ነው፤ ተኝቶ የጠበቀው እስራኤላዊው ነው፤ ዋናው መሣሪያም የታንክ መድፍ ነበር። የሚያጠቃ ታንክ የሚጠብቀው ሰው ካለ፣ መሣሪያው ማልዩትካ ሆነም መድፍ ዋጋ ያስከፍላል። ማልዩትካ ያመጣው ለውጥ ይህን ዋጋ የማስከፈል ሥልጣን ከዚያ በፊት አቅመ ቢስ ለነበረው እግረኛ መስጠቱ ነው። መቶ ተኩሶ አሥሩን ቢመታ እንኳ አሥር ታንክ ነው። ያልተመታው ታንክም ቢሆን ከዚያን ጊዜ ወዲህ በየጉብታው ጭስ እየፈለገ ነው የሚሄደው።

እጁን የተኩት

መሐንዲሶች ከዚህ የወሰዱት ትምህርት ቀላል ነው፦ ሽቦው ይቆይ፣ እጀታው ይውጣ። አሜሪካኖች በ1970 ያስታጠቁት ቶው የተባለው ሚሳይል እንዲህ ነው። ተኳሹ የመመልከቻውን መስቀል ታንኩ ላይ ብቻ ይይዛል። ሚሳይሉ ጅራት ላይ ያለውን ብርሃን መመልከቻው ውስጥ ያለ መሣሪያ ያየዋል፤ ከመስቀሉ ምን ያህል እንደራቀ ያሰላል፤ ማስተካከያውን ራሱ በሽቦው ይልካል። ሁለት ነገር የሚያይ ዓይን አንድ ብቻ እንዲያይ ተፈቀደለት። ፍጥነቱም ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ሦስት ኪሎ ሜትሩን ከማልዩትካ በብዙ ቀድሞ ይጨርሳል።

ሁለቱ ትውልዶች በአንድ ዓመት፣ በአንድ አገር ለየብቻ ተፈትነዋል። በኤፕሪል 1972 የሰሜን ቬትናም ወታደሮች በማልዩትካ የደቡቡን ታንኮች መቱ፤ በሚቀጥለው ወር አሜሪካኖች ቶውን ከሄሊኮፕተር እየተኮሱ ኮንቱም አካባቢ የሰሜኑን ታንኮች መቱ። አጭር ሥልጠና የወሰዱ የሄሊኮፕተር ተኳሾች ያገኙት ውጤት ብዙ ሺህ ጊዜ ከተለማመደው የማልዩትካ ተኳሽ ይበልጥ ነበር። ሶቪየቶችም ዘግይተው አልቀሩም፤ ማልዩትካን ራሱን በዚህ መንገድ እንዲመራ አሻሻሉት። የቀድሞው አመራር ግን አንድ የማይነገርለት በጎነት ነበረው፤ የሰው ዓይንን በሐሰተኛ ብርሃን ማታለል አስቸጋሪ ነው፤ ቶውን የመሰሉትን ሚሳይሎች ግን የጅራታቸውን ብርሃን የሚመስል መብራት ታንኩ ላይ ተክሎ ማወናበድ ይቻላል። ሩሲያውያን ኋላ ላይ ታንኮቻቸው ላይ የተከሉት ሁለት ቀይ ዓይን የመሰለ መብራት ሥራው ይኸው ነው።

ታንክም ዝም ብሎ አልጠበቀም። በ1982 ሊባኖስ የገቡት የእስራኤል ታንኮች ግንባራቸው ላይ ጡብ የመሰሉ ሣጥኖች ተደርድረውባቸው ነበር፤ እያንዳንዱ ሣጥን በሁለት ስስ ብረት መካከል ፈንጂ ይዟል። የመዳቡ መርፌ ሲነካው ሣጥኑ ይፈነዳል፤ የሚወረወረው ብረት መርፌውን ጎን ለጎን ይቆርጠዋል። እንግሊዞች ደግሞ የተለያዩ ቁሶችን ደራርበው መርፌው ውስጥ ለውስጥ እንዲሰባበር የሚያደርግ ግንባር ሠሩ። ሚሳይል ሠሪዎች በተራቸው አፍንጫው ላይ ሁለት ፈንጂ አስቀደሙ፤ አንዱ ሣጥኑን ያፈነዳል፣ ሁለተኛው ይከተላል። ይህ ጨዋታ እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

ሽቦው ግን ጡረታ የወጣ ይመስል ነበር። ከ1980ዎቹ ወዲህ ሌዘር የሚከተል ሚሳይል፣ ከዚያም ተኮሰህ ጥለህ የምትሄደው በራሱ የሚያይ ሚሳይል መጣ። ከዚያ 2024 ላይ ዩክሬን ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ። ሁለቱም ወገኖች ፈንጂ የያዙ ትንንሽ ድሮኖችን በሬዲዮ እየመሩ ታንክ ያቃጥሉ ነበር፤ የሬዲዮ አዋኪው ሲበዛ ድሮኖቹ በሰማይ እየታወሩ መውደቅ ጀመሩ። ያን ጊዜ ድሮኖቹ ላይ የመስታወት ክር ጥቅል ተሰቀለ፤ አሥር፣ ሃያ ኪሎ ሜትር የሚተረተር። ምስሉ በክሩ ይመጣል፣ ትእዛዙ በክሩ ይሄዳል፤ የሚያውከው የለም። ዛሬ በዚያ አገር እርሻዎችና ዛፎች ላይ ፀሐይ ሲያርፍ የሚያብረቀርቅ ድር ተዘርግቷል። ጥቅሉም፣ ልክ እንደ ማክስ ክራመር ንድፍ፣ ያለው አብራሪው እጅ ውስጥ ሳይሆን ድሮኑ ሆድ ሥር ነው።